ፋይዳ ቁጥራችሁን ሲጠይቋችሁ፦ ማሳየት ሌላ፣ መስጠት ሌላ

በቀደም አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ተቀምጬ ለውዝ ገዛሁ። ልጁ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። በልቼ ጨርሼ ወረቀቱን ልጨመድደው ስል አንድ ፊት አፈጠጠብኝ። ዘረጋሁት። የሆነ ሰው የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ኮፒ ነው፤ ፊቱም ጀርባውም በአንድ ገጽ ላይ። ቀለሙ ስለተዝረከረከ የተጣለ ይመስላል። ስሙ ከነአያቱ ይነበባል። የትውልድ ቀኑ፣ ስልኩ፣ አድራሻው፣ 12 አሃዙ ቁጥር፣ ሁሉም አለ። ሰውየው ይሄኔ «መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነው» ብሎ እፎይ ብሏል።

ብዙም አልደነገጥኩም። ከዚህ በፊት ሦስት ዓመት ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ። የተበላሸ ኮፒ መጨረሻው የት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ራሴ እሰጥ ነበር፤ ለቆሎና ለለውዝ ሻጮች፣ በነጻ። ያኔ እንደ ደግነት ነበር የምቆጥረው።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ስሄድ ነው ይህን ልጻፍ ያልኩት። ጥያቄው ቀላል ነው። «ፋይዳ ቁጥርህን አምጣ» ስንባል መቼ ነው የግድ የምንሰጠው? መቼ ነው አሳይቶ ወደ ኪስ መመለስ የሚበቃው? መቼስ ነው «ይቅርብኝ» ማለት የሚቻለው? እኛ ሦስቱንም አንድ አድርገናቸዋል። ሰው ሲጠይቀን ይሉኝታ ይይዘንና ካርዱን አስረክበን እንቆማለን።

አንድ፦ ቁጥሮቹን ለዩ

ካርዳችሁን አውጡና እዩት። ከፊት ለፊት፣ ከባርኮዱ ጋር፣ 16 አሃዝ አለ። ፋን ይሉታል። ከጀርባ ደግሞ 12 አሃዝ አለ። ይሄኛው ፊን ነው። ስማቸው መንታ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። በአሃዙ ብዛት ያዙት።

12 አሃዙ ቋሚ ቁጥራችሁ ነው። አሥር የጣት አሻራ፣ ሁለት ዓይንና አንድ ፊት አስነስታችሁ ያገኛችሁት እሱን ነው። ዕድሜ ልካችሁን አብሯችሁ ይኖራል። 16 አሃዙ የእሱ ወኪል ነው። የተሠራውም ዋናው ቁጥር በየቦታው እንዳይዞር ነው። ስለዚህ ቁጥር መስጠት የግድ ሲሆንባችሁ መጀመሪያ የምታቀርቡት 16 አሃዙን ነው። ጠያቂው «አይ፣ 12ቱን ነው የምፈልገው» ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳ።

የተመዘገባችሁ ቀን በተሰጣችሁ ብጣሽ ወረቀት ላይ ረጅም ቁጥር አለ፤ 29 አሃዝ። እሱ የምዝገባ ቁጥር ነው። መታወቂያው ሳይደርስ ሲዘገይ ለመጠየቅ ይጠቅማችኋል።

ቲን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። 10 አሃዝ ነው፤ የግብር ቁጥር ነው። የነጋዴ ቲን እንኳን ሚስጥር ሊሆን፣ ማኪያቶ በጠጣችሁ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ታትሞ ይመጣላችኋል። ፋይዳን ግን እንደዚያ አትዩት።

ሁለት፦ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ

እህቴ አሜሪካ ነው ያለችው። እዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሉት 9 አሃዝ ቁጥር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለጡረታ ጉዳይ ተብሎ መሰጠት የጀመረ ነው። በኋላ ሁሉም ቦታ ገባ። ነገሩ መረን ሲለቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕግ ወጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ሲጠይቅ ሦስት ነገር እንዲናገር ሕጉ ያስገድደዋል። መስጠቱ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ? የጠየቅኸው በየትኛው ሕግ ነው? ለምን ልታውለው ነው? ሱቅና የግል ድርጅት ግን በዚያ ሕግ አይያዙም። ይጠይቃሉ፤ ሰውየው እምቢ ማለት ይችላል፤ እነሱም «እንግዲያስ አናስተናግድህም» ሊሉ ይችላሉ።

እኔ ሦስቱን ጥያቄዎች ወድጃቸዋለሁ። ለእኛም ይሠራሉ። በእኛ አገር የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሰው መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀና ለተገለጸ ዓላማ እንዲሆን፣ ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይሰበሰብ ይደነግጋል። ፋይዳ ራሱ የቆመበት ዐዋጅ ደግሞ ቁጥር 1284/2015 ነው። ከዚያም በፊት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር አስቀምጧል። ስለዚህ ብትጠይቁ ነገረኛ አትሆኑም።

አጠያየቁ ላይ ግን ጥበብ ያስፈልጋል። መስኮት ላይ ቆሞ ዐዋጅ መጥቀስ ሠራተኛውን እልህ ያስይዘዋል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ይቅርታ፣ ቁጥሩ የግድ ነው ወይስ የቀበሌም ይሆናል?» ከአሥሩ ስድስቱ «የቀበሌም ይሆናል» ይሉኛል። በቃ፣ አለቀ። ካልሆነ ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ፦ «መመሪያ ወጥቶ ነው እንዴ?» ሦስተኛው «የት ነው የሚቀመጠው?» ነው። የዚህኛው መልስ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። ማኅደር ውስጥ የሚገባና የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የሚሆን ወረቀት ያስታውቃሉ።

ሦስት፦ የግድ የሚባልባቸው ቦታዎች

ባንክ። እዚህ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ፋይዳ ከመምጣቱ በፊትም ባንክ ደንበኛውን ለይቶ የማወቅ ግዴታ ነበረበት፤ በሕገወጥ መንገድ የተገኘ ገንዘብን ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 780/2005 ያስገድደዋል። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ለአዲስ አካውንት ፋይዳን ግዴታ አደረገ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ክልሎች መጣ። ነባር አካውንት ያላችሁም አገናኙ መባላችሁ አይቀርም።

ፓስፖርት ስታወጡ ይጠየቃል። ቲንና ንግድ ፈቃድ ላይም እንደዚሁ። ሲም ካርድ ስትገዙ መታወቂያ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር «በሌላ ሰው ስም ላውጣልህ» የሚላችሁን እለፉት። የእናንተን ስም ለሌላው የሚያውለውም እሱው ነው።

የግድ ነው ማለት ግን እንዴትም ይሁን ማለት አይደለም። መስኮቱ ላይ፣ በአካል፣ ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባው እያያችሁ ስጡ። በስልክ አይደለም። በደላላ አይደለም። «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ፣ ካርድህን ስጠኝና አንተ ቡናህን ጠጣ» የሚል ጉዳይ ገዳይ በየቢሮው በር አይጠፋም። ቡናውን ራሱ ይጠጣ።

ቀጣሪ ትንሽ ለየት ይላል። ደመወዝ ሲከፍላችሁ የሥራ ግብር ይቆርጣል፤ ጡረታም ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከራሱ 11 በመቶ ገቢ ያደርጋል። ስለዚህ ቲን መጠየቁ ሥራው ነው። ግን ይሄ የሚመጣው ከተቀጠራችሁ በኋላ ነው። ገና ሲቪ ስታስገቡ የፋይዳ ኮፒ አያይዙ ከተባለ «ካለፍኩ አመጣለሁ» በሉ። አንድ የሥራ ቦታ ስንት መቶ አመልካች እንዳለው ታውቃላችሁ። የወደቁት ሰዎች ኮፒ ወዴት ይሄዳል? መልሱን ከለውዙ ጋር በልቼዋለሁ።

አራት፦ አሳይቶ መመለስ የሚበቃበት

የቢሮ በር፣ የፈተና አዳራሽ፣ ኬላ፣ ወደ ዜጌ በጀልባ ስትሻገሩ። እዚህ የሚፈለገው ፊታችሁና ፎቶው አንድ መሆኑ ነው። አውጡ፣ አሳዩ፣ መልሱ።

ችግሩ «መታወቂያ አስይዙ» የሚለው ልማድ ነው። ጥበቃው ጋ ካርቶን አለ። መቶ ሰው መታወቂያውን እዚያ ውስጥ ጥሎ ባጅ ይዞ ይገባል። ሲወጣ ግማሹ ይረሳል፤ ግማሹ የሌላ ሰው ያነሳል። እኔ ለዚህ የምጠቀምበት የድሮ የሥራ ቦታ መታወቂያ አለኝ። ፎቶ አለው፣ ስም አለው፣ ቢጠፋም አላለቅስም። ተማሪዎች የላይብረሪ ካርድ ያስይዛሉ፤ ብልህ ናቸው።

ሆቴል ሲሆን እንግዳ መዝግቦ መያዝ ስላለባቸው ቁጥር ይጽፋሉ። የቀበሌ ወይም መንጃ ፈቃድ ስጡ። ስልካቸውን አውጥተው ካርዱን ፎቶ ሊያነሱት ሲሉ ግን «መዝገቡ ላይ ብትጽፉት ይሻላል» በሉ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ የግል ስልክ የሆቴሉ መዝገብ አይደለም።

የስልክ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለባሕር ዳር ሰው አይነገረውም። ስለዚህ ስልክ ላይ ባለው የፋይዳ አፕ ብቻ አትተማመኑ። የታተመውን ካርድ ያዙ።

አምስት፦ ይሉኝታ የሚያስቸግርበት

ከባዱ ይሄ ነው። ባንክና ኢሚግሬሽን ላይ መመሪያ አለ፤ ትሰጣላችሁ፣ ትወጣላችሁ። አከራይ፣ የዕቁብ ዳኛና ዘመድ ግን መመሪያ የላቸውም። ያላቸው ፊት ነው።

ለምሳሌ አባይ ማዶ ቤት ልትከራዩ ነው እንበል። አከራይዋ በዕድሜ እናታችሁ ይሆናሉ። «ልጄ፣ የፋይዳህን ኮፒ ተውልኝ» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ሰው ነግሯቸው ነው። ተከራይ ማን እንደሆነ ማወቅም መብታቸው ነው። ለውሉ የሚያስፈልጋቸው ግን ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ፊርማና ምስክር ነው። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማማ፣ ካርዱን እንዳለ ይዩት፤ ከፈለጉ ልጅዎ ያንብብልዎ። ኮፒውን የቀበሌዬን ልስጥዎ። ዘመኑ ክፉ ነው፣ ለእርስዎም ጭንቅ ነው ማስቀመጡ።» «ለእርስዎም ጭንቅ ነው» የምትለዋ ቃል ትሠራለች። አደራ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸው ይተዉታል።

ዕቁብ ላይ ዋስ ሲጠራ የዋሱ መታወቂያ ኮፒ ይፈለጋል። ዋስ የሆነው ሰው ቀድሞውኑ በፊርማው ተይዟል። ኮፒው የቀበሌ ይሁን። የግድ ፋይዳ ከተባለ የፊት ለፊቱ ገጽ ብቻ ይነሳ። 12 አሃዙ፣ ስልኩና ኪውአር ኮዱ ያሉት ጀርባው ላይ ነው።

ቴሌግራም ላይ «በቀን ይህን ያህል ብር፣ የመታወቂያ ፎቶ ፊትና ጀርባ ላክ» የሚል ሥራ ካያችሁ ሥራ የለም። ሥራው የእናንተ ፎቶ ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ፋይዳ ካርድ ሲደርሳችሁ ፌስቡክ ላይ «ደረሰልኝ!» ብላችሁ የምትለጥፉ ልጆች ግን፣ ኧረ ተዉ።

ስድስት፦ ኮፒ መስጠት የግድ ሲሆን

እዚህ ላይ ቤቴ ነው፤ ትንሽ ልንዛዛ።

መጀመሪያ ኮፒ ቤቱ። ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልናል፤ «ፕሪንት አድርግልኝ» ይላል። እናትመዋለን፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ፋይሉ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይቀራል። እኔ በሠራሁበት ቤት አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሞላና ልናጸዳ ስንከፍተው ለማመን የሚያስቸግር የመታወቂያ ክምር አገኘን። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም አጥፉልኝ ብሎ አያውቅም፤ እኛም አላጠፋንም። ያንን ኮምፒውተር ቀን ቀን ስንት ሰው እንደሚነካው አስቡት።

ስለዚህ ከላካችሁ በኋላ አትቸኩሉ። ወረቀቱ ሲወጣ «ከዳውንሎዱ አጥፋልኝ፣ ከሪሳይክል ቢንም» በሉ፤ ስክሪኑንም እዩ። ከዚያ በራሳችሁ ስልክ ከቴሌግራሙ ላይ ለሁለታችሁም እንዲጠፋ አድርጋችሁ ሰርዙት። ይቻላል፤ ሲሰርዙ ይጠይቃችኋል። ልጁ አይከፋውም። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ፣ የተበላሸውን ወረቀት ውሰዱ። ማሽኑ ቀለም ሲያንጠባጥብ ወይም ካርዱ ጠምሞ ሲነሳ ያ ወረቀት የእናንተ ነው። «እሱንም ስጠኝ» በሉ። ገንዘብ አያስከፍልም። ቤት ወስዳችሁ ቅደዱት።

ኦሪጅናሉን ከማሽኑ ክዳን ሥር አትርሱ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ከሁሉም በላይ መታወቂያ የሚጠፋው እዚያ ይመስለኛል። ሰው ኮፒውን ይዞ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ባጃጅ ይሳፈራል፤ ካርዱ መስታወቱ ላይ ተኝቶ የሚቀጥለውን ደንበኛ ይጠብቃል።

አሁን ዋናው ብልሃት። ኮፒውን ከማስረከባችሁ በፊት እስክሪብቶ አውጡ። ከካርዱ ምስል ላይ አግድም፣ ፊቱንና ስሙን ሳትሸፍኑ፣ ጉዳዩን ጻፉበት፦ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ»፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ፊርማ። ይህ ወረቀት ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አይመችም። ለብድር ዋስትና ሊያቀርበው የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ጽሑፋችሁን ማጥፋት አለበት። አንዳንድ ቢሮ «ምን አድርገህ አበላሸኸው?» ይላል። ያኔ ምስሉን ትታችሁ ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ጻፉ፤ ግን ከምስሉ ጋር የተጠጋ ይሁን፣ በመቀስ እንዳይቆረጥ።

12 አሃዙ ካልተፈለገ ማሽኑ ላይ ከማስተኛታችሁ በፊት በብጣሽ ወረቀት ሸፍኑት። እኔ የስቲከር ቁራጭ ካርዱ ሽፋን ላይ ለጥፌአለሁ። ባንክ ስገባ እልጠዋለሁ።

ለማን እንደሰጣችሁም ያዙ። ደብተር አይጠይቅም፤ ስልካችሁ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ የት፣ መቼ፣ ለምን። ኋላ ነገር ሲመጣ ከየት እንደሾለከ የምታውቁት በዚህች መስመር ነው። ጉዳዩ ካለቀ ደግሞ ኮፒውን መልሱልኝ ማለት ያለ ነው። ያ የዳታ ጥበቃ ዐዋጅ መረጃችሁን የማየት፣ የማሳረምና የማስጠፋት መብት ሰጥቷችኋል። እንቢ ያለ ድርጅት ካለ ዐዋጁን እንዲያስፈጽም የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሰባት፦ ስልክ ላይ የሚመጣው ስድስት አሃዝ

ቁጥሩ ብቻውን ቁልፍ አይደለም፤ አድራሻ እንደማወቅ ነው። በሩን የሚከፍተው ስልካችሁ ላይ በመልእክት የሚመጣው የአንድ ጊዜ ኮድ፣ ኦቲፒ የሚሉት፣ ነው። ባንኩ ቁጥራችሁን ያስገባል፣ ኮዱ ወደ ስልካችሁ ይመጣል፣ እናንተ ትነግሩታላችሁ፣ መረጃችሁ ይከፈትለታል። ኮዱን መንገር ማለት «ፈቅጃለሁ» ብሎ መፈረም ማለት ነው። ስለዚህ ኮድ የሚነገረው እናንተ ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ መስኮት ላይ ቆማችሁ፣ ያስጀመራችሁት ጉዳይ ሲኖር ብቻ ነው።

አክስቴ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ትነግዳለች። አንድ ቀን ስልክ ተደወለላት። ጨዋ ድምፅ ነው። ሙሉ ስሟን ጠራት። የፋይዳ ቁጥሯንም ራሱ አነበበላት። «እትዬ፣ አካውንትዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ማታ ይዘጋል። አሁን የመጣልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ።» አክስቴ ማንበብ አትችልም። «ቆይ ልጄ፣ የሚያነብልኝ ልፈልግ» አለችው። ጎረቤቷ መጥታ መልእክቱን ስታየው «ለማንም አትስጡ» ይላል። ስልኩ ወዲያው ተዘጋ። አክስቴ እስከ ዛሬ ፊደል አለመቁጠሬ ጠቀመኝ እያለች ትስቃለች። እኔን የቆጨኝ ግን ቁጥሯን ከየት አገኘው የሚለው ነው።

ቁጥራችሁን ስላነበበላችሁ ብቻ የባንክ ሰው ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ለውዝ የበላ ሰው ነው።

ስምንት፦ ከጠፋ፣ ወይም ስልክ ከተቀየረ

ካርዱ ባጃጅ ውስጥ ቢቀር ወደ 9779 ደውሉና አስታውቁ። ካርድ ይጠፋል እንጂ ቁጥሩ አይጠፋም፤ እንደገና ማሳተም ይቻላል።

የተመዘገባችሁበት ስልክ ቁጥር ከተቀየረ ግን ዛሬ ነገ አትበሉ። ኦቲፒው የሚሄደው ወደ አሮጌው ሲም ነው። እሱ ሲም ነገ የማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። ምዝገባ ጣቢያ ሄዳችሁ አስቀይሩ።

የሌላ ሰው ካርድ ካገኛችሁ ደግሞ በደግነት ተነሳስታችሁ ፎቶውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። ስሙን ብቻ ጻፉ፤ «ባለቤቱ የትውልድ ዘመኑን ነግሮን ይውሰድ» በሉ።

ያንን የለውዝ ወረቀትስ? ስልኩ ስለነበረበት ለሰውየው ደወልኩለት። ራሴን አስተዋወቅሁ፤ ስሙን ጠራሁ፤ መታወቂያው ኮፒ እጄ ላይ እንዳለ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አሃ፣ አሁን ደግሞ ኮድ መጥቶልሃል ልትለኝ ነው አይደል?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ደስ አለኝ። ወረቀቱን የቡናው ከሰል ላይ ጣልኩት።